ባትሪ ቀየርኩ፣ ዲናሞ ቀየርኩ፣ አሁንም ቻርጅ አያደርግም (ባሕር ዳር–ጎንደር መስመር)

የወረታው · ሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ቤተሰብ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የምሠራው በሃይስ ሚኒባስ ነው፣ የድሮዋ፣ ናፍጣ። ባሕር ዳር–ጎንደር፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እስከ ወረታ ብቻ። ከወር ወዲህ ባትሪ ይሞትብኛል። ጠዋት መናኸሪያ ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) «እህ... እህ...» ይልና ዝም። ተሳፋሪ ወርዶ ይገፋል። ሰው ሒሳብ ከፍሎ መኪና ሲገፋ ምን እንደሚል መቼም ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ «ባትሪህ አርጅቷል» ተባልኩ፣ ባለ 70 አምፔር-ሰዓት አዲስ ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው እሱም እንደ አሮጌው ሆነ። ከዚያ አንድ ጋራዥ «ዲናሞህ (ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው) አልቋል» አለኝ፣ ያገለገለ ገዝቼ አስገጠምኩ። ለውጥ የለም። ማታ ከአዲስ ዘመን ከተማ ስመለስ የፊት መብራቱ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ የዝናብ መጥረጊያውን ስከፍት ጭራሽ ሻማ ይሆናል። የሚገርመኝ የዳሽቦርዱ ቀይ የባትሪ መብራት ነው። ቁልፍ ስከፍት ይበራል፣ ሞተር ሲነሳ ይጠፋል፣ ልክ እንደ ጤነኛ መኪና። እሱ ከጠፋ ቻርጅ ያደርጋል ማለት አይደል እንዴ? ገንዘቤ አልቋል፣ ሦስተኛ ነገር ከመግዛቴ በፊት የሚያውቅ ይንገረኝ።

ባለባጃጁ · ሰኞ ማታ 3:05

ወንድም ዓለም ይሄ እኮ ቀላል ነው። ሞተሩን አስነሳና የባትሪውን ሞርሰቶ (የሽቦውን ማሰሪያ) ንቀል። ሞተሩ ከጠፋ ዲናሞው ሞቷል፣ ካልጠፋ ይሠራል። እኛ ሁሌ እንዲህ ነው የምንሞክረው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሻጩ ሸውዶሃል። ያገለገለ ዲናሞ ማለት ሎተሪ ነው።

ቴስተር በኪሱ · ሰኞ ማታ 3:20

የወረታው፣ እባክህ ይሄን እንዳታደርግ። ባለባጃጁ አትቀየመኝ፣ እኔም ልጅ ሆኜ አለቃዬ እንደዚያ ሲያደርግ እያየሁ ነው ያደግኩት። ግን ባትሪው ለዲናሞው ትራስ ነው። ሞተር እየሠራ ስትነቅለው ዲናሞው ሲያመነጭ የነበረው ጉልበት መሄጃ ያጣል፣ ቮልቴጁ በቅጽበት 40፣ 60፣ ከዚያም በላይ ይዘላል። መጀመሪያ የሚሄደው ዳዮዱ (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ነው፣ ቀጥሎ ሬጉሌተሩ (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው)። ኮምፒውተር ያላት መኪና ከሆነች ደግሞ ለቅሶ ተቀመጥ። ድሮ ዲናሞው ሌላ ዓይነት ነበር፣ መኪናውም ከአምፖልና ከክላክስ ውጭ የሚቃጠል ነገር አልነበረውም። ልማዱ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው።

አሁን ወዳንተ ልመለስ። ባትሪ ገዛህ፣ ዲናሞ ገዛህ፣ እስካሁን ግን ማንም አልለካልህም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ከአንድ ቀን ምልልስ ባነሰ ገንዘብ ይገዛል፣ ካልሆነ ተዋስ። በ20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርገውና እንዲህ ለካ።

ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ባትሪው ላይ ለካ። ሙሉ ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል። 12.2 ካለህ ግማሹ የለም፣ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ በለው። ከዚያ አስነሳና ትንሽ ነዳጅ ሰጥተህ እዚያው ባትሪው ላይ ድገም፣ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። አሁን የፊት መብራት፣ መጥረጊያና የአየር ማራገቢያውን ከፍተህ አሁንም ለካ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄኛውን ነው። ባዶ መኪና ሁሉም ዳገት ይወጣል፣ ሥራው የሚታየው ሲጫን ነው። በመጨረሻ ሁሉም ነገር እንደተከፈተ የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ዲናሞው ጀርባ ካለው ትልቁ ቡሎን ላይ፣ ጥቁሩን ዲናሞው አካል ላይ አድርግ። አራቱንም ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ። እጅህን ከቺንጊያው አርቅ፣ የሹራብህን እጅጌም ሰብስብ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ። ችግሩ ከመጀመሩ በፊት መኪናው ላይ ምን ተሠርቶ ነበር?

ቅጥቅጥ ወዳጅ · ሰኞ ማታ 4:10

ከርዕስ ልወጣ ነው፣ ይቅርታ። አይሱዙ ኤንፒአር ያላችሁ ስሙኝ። እኛ 24 ቮልት ነን፣ ሁለት ባትሪ በተከታታይ። ቴፑ 12 ቮልት ስለሆነ ቴፕ ገጣሚው ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ቀንሶ ያስገባዋል። ያ ባትሪ ቀን ሙሉ ይበላል፣ ሌላኛው አይነካም። ዲናሞው ግን የሚያየው የሁለቱን ድምር ነው፣ 28 ሲሞላለት በቃ ብሎ ያቆማል። ጦመኛው ባትሪ ሳይጠግብ ጥጋበኛው እየፈላ አሲዱ ይተናል። እኔ በሁለት ዓመት ሦስት ባትሪ የቀበርኩት በዚህ ነው። ከ24 ወደ 12 የምትቀንሰውን ዕቃ አስገጥሙ፣ ርካሽ ናት።

ባለባጃጁ · ማክሰኞ ጠዋት 1:15

ቴስተር አልተቀየምኩም፣ ተምሬያለሁ። የኔዋ ራሷ ባለፈው ክረምት ሬጉሌተሯ የተቃጠለው ለካ በገዛ እጄ ነው 😅 ባጃጅ ላይ ሌላው በሽታ ደግሞ ሙዚቃ ነው። ትልቅ ስፒከር፣ ዙሪያውን ብልጭልጭ መብራት፣ ከዚያ «ባትሪ አይቆይልኝም» እንላለን። ማመንጫዋ ትንሽ ናት፣ ሠርግ ቤት አታበራም።

የወረታው · ማክሰኞ ቀን 7:30

ለካሁ። ቴስተሩን ከጎረቤት ኤሌክትሪሻን ተውሼ ነው፣ ማስያዣ ብሎ መታወቂያዬን ወስዷል።

ጠዋት ሳይነሳ 12.1። ተነስቶ ምንም ሳይከፈት ባትሪው ላይ 13.5። ሁሉንም ስከፍት ወርዶ 12.9። ዲናሞው ላይ ስለካ ግን 14.3! ሁለት ሦስቴ ደጋግሜ ለካሁት፣ ያው ነው። አንድ መኪና ላይ ሁለት ዓይነት ቮልት አለ እንዴ? ወይስ ቴስተሩ ነው ያበደው?

ምን ተሠርቶ ነበር ላልከኝ፣ ከወር በፊት ፍሪሲዮን አስቀይሬያለሁ። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ወርዶ ነበር። ግን እሱ ከኤሌክትሪክ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ቴስተር በኪሱ · ማክሰኞ ቀን 8:00

ኧረ ብዙ ያገናኘዋል! አግኝተነዋል መሰለኝ፣ ግን ሳላረጋግጥ አልፎክርም።

ዲናሞህ ጤነኛ ነው፣ 14.3 እያወጣ ነው። ባትሪህ ጋ የሚደርሰው 12.9 ብቻ ነው። 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። አሁን መልስ የሚሻው ጥያቄ ምኑ ተበላሸ ሳይሆን የት ቀረ ነው። ባትሪ ራሱ 12.6 የሚይዝ ነገር ነው። በ12.9 ቻርጅ ማድረግ ማለት የተራበን ሰው በማንኪያ ጫፍ ማቅመስ ነው። ቀኑን ሙሉ ብትነዳም አይሞላም። ሳይሞላ ሳምንታት የቆየ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ይጠጥራል፣ አዲሱ ባትሪህን የጎዳው ይሄ ነው።

ቀዩ መብራት ያልበራው ለምን እንደሆነም አሁን ግልጽ ነው። መብራቱ የሚያውቀው ዲናሞው ማመንጨቱን ነው። ያመነጨው ባትሪ ጋ ይድረስ አይድረስ አያውቅም። ምርት ጎተራ መግባቱን ሳያይ «አዝመራው ጥሩ ነው» እንደሚል ሰው ነው።

ኤሌክትሪክ መሄጃም መመለሻም አለው። ሁለቱንም ለየብቻ ለካ። ሞተሩ እየሠራ፣ ሁሉም እንደተከፈተ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ዲናሞው ትልቁ ቡሎን ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርግ። 0.2 ወይ 0.3 ቢሆን ደንበኛ ነው። ቀጥለህ አንዱን ዲናሞው አካል ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ። እዚህም ከ0.2 ባይበልጥ ደስ ይለኛል። በመጨረሻ ረዳትህ ሞተሪኖውን እያዞረ ከሞተሩ ብረት እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለካ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካየህ የሞተሩ ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ግንኙነት) የለም ወይም ላልቷል።

ካምቢዮ ሲወርድ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው የማሳ ጥልፍ ካቮ (ወፍራም ሽቦ) ይፈታል። ሲመለስ መካኒኩ ይረሳዋል፣ ወይም በተቀባ ብረት ላይ ያስረዋል። ካምቢዮ ከወረደ በኋላ «ዲናሞ ሞተብኝ» ብለው ከመጡልኝ ውስጥ ስንቱን በአንድ ካቮ እንደሸኘሁ ብነግርህ ትስቃለህ።

ሁለት ማግኔቶ · ማክሰኞ ማታ 1:30

ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ አላስቻለኝም። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ የበረራ ሥልጠናዬን የወሰድኩት ሴስና 172 ላይ ነው። የየወረታው መብራት ነገር የራሴን ቀን አስታወሰኝ።

ከአስተማሪዬ ጋር ቀን ላይ እየበረርን ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። የዝቅተኛ ቮልቴጅ መብራት ቦግ አለ። አምፔር መለኪያውን ሳይ ከዜሮ ወደ ግራ ተኝቷል፣ ማለትም ባትሪው እየሰጠ ነው እንጂ እየተቀበለ አይደለም። ልቤ ቀጥ አለ። አስተማሪዬ ግን ሻይ እንደሚያዝ ሰው ተረጋግቶ «ሞተሩን ስሚው» አለኝ። ሞተሩ ምንም አልሆነም! የዚህ አውሮፕላን ካንዴላዎች እሳታቸውን የሚያገኙት ከሁለት ማግኔቶ ነው። ማግኔቶ የራሱን ኤሌክትሪክ ራሱ እየዞረ የሚሠራ ነው፣ ባትሪም ዲናሞም አያስፈልገውም። ኤሌክትሪኩ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ሞተሩ ይዞራል። (ስሜ ከዚያ የመጣ ነው፣ አዎ።) በኮምፒውተር የሚመሩት አዳዲስ የናፍጣ አውሮፕላኖች ግን እንደዚህ አይደሉም፣ እነሱ ያለ ኤሌክትሪክ አይኖሩም።

ከዚያ በመመሪያው መሠረት ሄድን። ማስተር ማብሪያው ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ግማሹ የባትሪ፣ ግማሹ የኦልተርኔተር፣ እናንተ ዲናሞ የምትሉት ማለት ነው። የኦልተርኔተሩን አጥፍተን መልሰን አበራን። አንዳንዴ ቮልቴጁ ቅጽበት ዘሎ መከላከያው ቆርጦት ከሆነ እንዲህ ሲደረግ ይመለሳል። አልተመለሰም። ደግመን ደጋግመን አልነካካንም፣ ሰርኪት ብሬከሩ (መቁረጫው) በተደጋጋሚ እየቆረጠ በግድ መመለስ እሳት መጋበዝ ነው። የኦልተርኔተሩን ወገን ዘጋነው።

ከዚያ በኋላ ያለህ ባትሪው የያዘው ብቻ ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ብለን እንይዛለን፣ ያረጀ ባትሪ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ የማያስፈልገውን ሁሉ አጠፋን። የማረፊያ መብራት፣ ሁለተኛው ሬዲዮ፣ የፒቶ (የፍጥነት መለኪያው ቱቦ) ማሞቂያ፣ ሁሉም። ለማማው ነገርናቸውና ተመለስን። ሬዲዮው ቢሞት ትራንስፖንደሩ (ለራዳር መለያ ቁጥር የሚልከው መሣሪያ) ላይ 7600 ይገባል፣ ሬዲዮዬ ሞቷል ማለት ነው። ትራንስፖንደሩም ከሞተ ማማው በብርሃን ያናግርሃል፣ የማይቋረጥ አረንጓዴ ከሆነ «ማረፍ ትችላለህ»፣ የማይቋረጥ ቀይ ከሆነ «ለሌላ ቅድሚያ ስጥና ዙር»። ደግነቱ እዚያ አልደረስንም። ፍላፑ (ለማረፍ ከክንፉ የሚወርደው ሳንቃ) በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ አስተማሪዬ «ያለ ፍላፕ ነው የምናርፈው፣ ፍጥነትሽን ትንሽ ጨምሪ» አለኝ። ሜዳው ረጅም ነበር፣ ከባድ ነገር አልነበረውም።

መሬት ላይ ሲፈተሽ ኦልተርኔተሩ ደህና ነበር። ወደ ውስጡ የምትገባው ቀጭኗ የማግኔት ማነሻ ሽቦ ጫፏ በንዝረት ተሰንጥቆ ተበጥሳለች። የጥፍር ታክል ዕቃ! እንደ የወረታው ነገር ትልቁን ዕቃ ቀይረን ቢሆን ኖሮ ሽቦዋ እዚያው ተንጠልጥላ ትቀር ነበር።

ቀበሌ 14 · ማክሰኞ ማታ 2:00

እህት ዓለም ቆንጆ ታሪክ ነው ግን እዚህ ሰማይ ላይ ማን አለ? እኛ ሐሙሲት ከተማ ላይ ቆመን ነው የምናድረው 😂

ሁለት ማግኔቶ · ማክሰኞ ማታ 2:12

ለዚያ እኮ ነው የጻፍኩት! አንተ ዳር ይዘህ መቆም ትችላለህ፣ እኛ አንችልም። ግን ማታ ከአዲስ ዘመን ወደ ባሕር ዳር እየነዳህ ዲናሞ ቢሞት ሒሳቡ ያው ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች 55 ዋት 55 ዋት ቢሆኑ 9 አምፔር ያህል ይወስዳሉ። የኋላ መብራት፣ ዳሽቦርድና የናፍጣውን መቁረጫ ስትጨምር 12 በለው። ባለ 70 ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ ግማሹን ስትበላ ሦስት ሰዓት አይሞላም፣ ከዚያ በፊት መብራቱ ደብዝዟል። የወረታው ባትሪ ደግሞ ሲነሳም ግማሽ ነው። ስለዚህ ቴፑ፣ ማራገቢያው፣ የስልክ ቻርጀሩ ሁሉ ይጥፋ። የፊት መብራቱ ግን አይጠፋም፣ እሱን የማቆጠብ ሐሳብ ለማንም እንዳይመጣ። ሞተሩም እስክትደርስ አይጠፋ፣ ካጠፋኸው አይነሳልህም።

ታንኳና ሞተር · ማክሰኞ ማታ 3:40

ልጆች፣ ጀልባ ነው የምሠራው፣ እንግዳ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ አመላልሳለሁ። ቴስተር ስለ መንቀል የተናገረው እውነት ነው። እኔ እንኳ አልነቀልኩም፣ ማዕበሉ ነቀለልኝ። የባትሪዬ ሞርሰቶ በእጅ የሚጠበቅ ቢራቢሮ ብሎን ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጀልባው እየተመታ እየተመታ ላላ፣ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ተለያየ። ሬክቲፋየሩ (የሞተሩን ኤሌክትሪክ ለባትሪው የሚያስተካክለው) አለቀ። ሞተሩ አልጠፋም፣ የኔም በማግኔት ነው የሚሠራው፣ በገመድም ይነሳል። ግን ውሃ የምታወጣው ፓምፕ በባትሪ ነች። እንግዶቹ ፎቶ ሲነሱ እኔና ልጄ በጀሪካን ውሃ እየቀዳን ገባን። ከዚያ ወዲህ ቢራቢሮውን ጥዬ በቁልፍ የሚጠበቅ አስገብቻለሁ፣ ግሪስም እቀባዋለሁ።

ሌላ፣ ባትሪ ውሃ ሲጎድለው «ጣና ንጹሕ ነው» ብሎ የሐይቅ ውሃ የሚጨምር ጎረቤት አለኝ። የባትሪ ውሃ ግዙ፣ የተጣራውን። አሲድም አትጨምሩ፣ የሚተነው ውሃው ነው።

ሰማያዊ ቪትዝ · ረቡዕ ጠዋት 3:00

እግረ መንገዴን ልጠይቅ። የኔ ሲነዳ ችግር የለውም፣ 14.2 ያሳያል። ቅዳሜና እሑድ ካቆምኳት ግን ሰኞ አትነሳም።

ቴስተር በኪሱ · ረቡዕ ጠዋት 3:25

የሚሰርቅ ነገር አለ። ነገ ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊት እጅህን ዲናሞው ላይ አድርግ። ሌሊቱን ያደረ ዲናሞ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ለብ ካለ አንድ ዳዮድ አልፏል፣ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪህ ወደ ኋላ እየፈሰሰበት ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ መኪናውን ቆልፈህ ኮምፒውተሩ እስኪተኛ ግማሽ ሰዓት ጠብቅና የሚወጣውን አምፔር አስለካ። ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ከሆነ ቫልቮላዎቹን (ፊውዞቹን) አንድ በአንድ እየነቀልክ የትኛው ሲነቀል እንደሚወርድ እይ። ብዙ ጊዜ በኋላ የተገጠመ አላርም ወይ ቴፕ ነው።

የወረታው · ረቡዕ ማታ 1:50

ቴስተር እጅህ ይባረክ!!!

ፖዘቲቩ በኩል 0.2። ማሳው በኩል 1.2! ረዳቴ ሞተሪኖውን ሲያዞር ደግሞ ከ3 ቮልት በላይ አሳየ። ከሥር ገባሁ። የማሳው ካቮ አለ፣ ጨርሶ አልተረሳም። ግን ከካምቢዮው ጋር በአንድ ቡሎን ብቻ፣ ያውም ዝገት ላይ ነው የታሰረው። ጥልፉም ከግማሽ በላይ ተበጥሷል፣ ሲጎትቱት ነው መሰለኝ። የሚያስቀው የነዳጅ መስጫው ካቮ ነው። ሞተር ሲነሳ ነካሁት፣ ይሞቃል! ፔዳሉ ሰሞኑን ለምን እንደጠነከረብኝ አሁን ገባኝ።

ቴስተር በኪሱ · ረቡዕ ማታ 2:05

አዎ፣ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በነዳጁ ካቮ እየተመለሰ ነበር። ያ ካቮ ቀጭን ሽቦ ነው፣ ለዚህ አልተሠራም። ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ሊሆን ይችላል፣ ፔዳሉ ተይዞ የሚቀርበት ቀን ሳይመጣ ቀይረው። በዚህ አትዘናጋ፣ ከባትሪው ይሄ ይብሳል። አዲስ ወፍራም የማሳ ካቮ አስገባ፣ ሁለቱንም ጫፍ ብረቱ እስኪያበራ ፋቅ፣ ካሰርክ በኋላ ግሪስ ቀባው። ባትሪውን ደግሞ አውጥተህ ቻርጀር ላይ ቀስ ብሎ ሌሊቱን ይደር፣ ሊመለስ ይችላል።

የወረታው · ዓርብ ማታ 3:10

ተሠራ። የማሳ ካቮ አዲስ፣ የነዳጅ ካቮ አዲስ። የድሮው ሲወጣ ፕላስቲኩ እንደ ማስቲካ ሆኗል። አሁን ሁሉንም ከፍቼ ባትሪው ላይ 14.1። ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ነው። ዛሬ ጎንደር ደርሼ ማታ ተመለስኩ፣ ዝናብም ነበር፣ መጥረጊያውን ከፍቼ መብራቱ ንቅንቅ አላለም። ባትሪውም አንድ ሌሊት ቻርጀር ላይ አድሮ ጠዋት 12.5 ይዞ ተገኘ። ፍሪሲዮኑን ለሠራው ልጅ ደውዬ ነገርኩት፣ «ባትሪውን አስቀይረህ ነበር?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

የድሮው ዲናሞ ሳይበላሽ ነው የወጣው ለካ። ቤት ተቀምጧል።

ታንኳና ሞተር · ዓርብ ማታ 3:30

ትሸጠዋለህ? የወንድሜ ልጅ ሃይስ አለው፣ የሱ እውነትም አልቋል፣ ኩሽኔታው ከሩቅ ይጮሃል።

ቴስተር በኪሱ · ዓርብ ማታ 3:32

ጋሼ፣ መጀመሪያ ይለካ።

ታንኳና ሞተር · ዓርብ ማታ 3:41

እሺ፣ ነገ ይዤው እመጣለሁ። ግን ጩኸቱን በቴስተር ነው የምትለካው?